በጨው ተለብጦ የሚጋገር ሙሉ ዓሣ

የጓዳ ትምህርት



በዚህ ሳምንት ወደ ሩቅ አገር እንሄዳለን። አገሩ ታይላንድ ይባላል። በእስያ፣ ከህንድ በስተ ምሥራቅ ነው። ገበሬው ሩዝ ይዘራል። ከወንዝ፣ ከኩሬና ውሃ ከተኛበት የሩዝ ማሳም ዓሣ ያወጣል። በዚያ አገር ሩዝና ዓሣ አይለያዩም።

«ታዲያ የታይላንድ ምግብ ለእኛ ምን ይሠራልናል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ደግ ነው። መልሱ ይኸውላችሁ፤ ዓሣው የምናውቀው ዓሣ ነው።

ቆሮሶን የማያውቅ የሐይቅ ዳር ሰው የለም። በጣና አለ፣ በዝዋይ አለ፣ በሐዋሳ አለ፣ በጫሞም አለ። የውጭ አገር ሰዎች የናይል ቲላፒያ ይሉታል። ናይል ማለት የዓባይ ወንዝ ነው። ይህ ዓሣ ድሮ ታይላንድ ውስጥ አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1965) የጃፓኑ አልጋ ወራሽ ልዑል አኪሂቶ 50 ቆሮሶ ለታይላንድ ንጉሥ ለቡሚቦል ላኩላቸው። ጃፓኖችም ያገኙት ከግብፅ ነበር። ንጉሡ ዓሦቹን በቤተ መንግሥታቸው ኩሬ አስረቧቸው። በዓመቱ ጫጩቶቹ ለመንግሥት የዓሣ ባለሙያዎች ተሰጡ። ከዚያ ወደ ገበሬው ኩሬ ወረዱ። ዛሬ በታይላንድ ገበያ ቆሮሶ እንደ አገሬው ዓሣ ሆኗል። ስሙንም ፕላ ኒን ብለውታል። ፕላ በቋንቋቸው ዓሣ ማለት ነው።

ሎሚያቸውም የእኛው ትንሹ ሎሚ ነው። ጠጅ ሣርም በየጓሯቸው አለ። ለሽታ ብለው ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል። እንግዲህ ይህን ምግብ ለመሥራት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር የለም።

ምግቡ ፕላ ፓው ይባላል። እሳት ላይ የተጠበሰ ዓሣ እንደ ማለት ነው። በታይላንድ ከተሞች በየመንገዱ ዳር በፍም ላይ ተደርድሮ ይሸጣል። ከሩቅ ሲያዩት አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ነጩ ነገር ግን ጨው ነው። ከአፉ ደግሞ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሎ ይታያል። እሱም ጠጅ ሣሩ ነው።

«ያን ያህል ጨው!» ብላችሁ አትደንግጡ። ጨዉ አይበላም። ጨዉ ለዓሣው ልብስ ነው። እሳት ሲነካው ይደርቃል፤ እንደ ሸክላም ይጠነክራል። የዓሣው እርጥበት ከውስጥ ይቀራል። ሥጋው በገዛ ውሃው ይበስላል። ስለዚህ ዘይት አይፈልግም። ቅቤም አይፈልግም። ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ሲጋገር አይታችሁ የለም? ኮባው ሊጡን ከእሳት ይከላከልለታል፣ እንፋሎቱንም ያፍንለታል። የጨዉ ሥራ እንደዚያው ነው።

ዓሣ በቀጥታ እሳት ላይ ሲጣል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ውጪው ያራል፤ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። የራበው ሰው ደግሞ አይታገሥም። ያንኑ ይበላል። እኔን ይህን ምግብ ያስመረጠኝ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ምክንያቱን ከታይላንዶች ታሪክ ላሳያችሁ።

ሎሚ አያበስልም

በታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ ኢሳን የሚባል አገር አለ። ሕዝቡ ገበሬ ነው። በኢሳን ከጥንት የመጣ ልማድ አለ። ትናንሽ የወንዝና የኩሬ ዓሦችን በጥሬው ይከትፋሉ። ሎሚ ይጨምቁበታል፣ ቃሪያ ይጨምሩበታል። ከዚያ ተሰብስበው ይበላሉ። ሎሚው የዓሣውን ሥጋ ነጭ ያደርገዋል። ለዓይን የበሰለ ይመስላል። ግን አልበሰለም።

በእነዚያ ዓሦች ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታይ የትል እጭ አለ። ትሉ መጀመሪያ በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል። ከቀንድ አውጣው ወደ ዓሣው ይገባል። ከጥሬው ዓሣ ወደ ሰው ይገባል። በሰው ጉበት፣ ሐሞት በሚወርድበት ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ተቀምጦ ለዓመታት ይኖራል። ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ልጆች ያሳድጋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን በዚያ ቧንቧ ላይ ካንሰር ሊነሳ ይችላል። ካንሰር ማለት የሰውነት ሥጋ ከልክ በላይ እየበዛ የሚገድል በሽታ ነው። ይህ የሐሞት ቧንቧ ካንሰር በዓለም ላይ እንደ ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ የበዛበት ቦታ የለም። የዓለም የካንሰር ተመራማሪዎች ድርጅትም በ1986 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1994) ያን ትል ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ አስገብቶታል።

ትሉን የሚገድል መድኃኒት አለ። ፕራዚኳንቴል ይባላል። ለቢልሃርዝያ የሚሰጠው መድኃኒት ነው። ችግሩ፣ ሰውየው መድኃኒቱን ውጦ ሲያበቃ ተመልሶ ጥሬውን ዓሣ ይበላል። ትሉም ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ የአገሩ የጤና ሠራተኞች ለብዙ ዓመታት «ዓሣን አብስላችሁ ብሉ» እያሉ መንደር ለመንደር አስተምረዋል። ልማድ ከባድ ነው። አባት የበላውን ልጅ መተው ያቅተዋል። በጥሬው ይጣፍጣል የሚሉ ዛሬም አሉ።

ያ ትል የዚያ የእስያ ወገን ትል ነው። የሚያድረውም በብዛት በትናንሽ ዓሦች ላይ ነው እንጂ በቆሮሶ ላይ አይደለም። በእኛ ሐይቆች አለ ማለቴ አይደለም፤ በዚህ አትስጉ። ነገር ግን በእኛ ሐይቆች ዓሣ ላይም ሌሎች ትሎች ይገኛሉ። በእኛም አገር፣ በአንዳንድ ሐይቅ ዳር፣ ጥሬ ዓሣ በሎሚና በሚጥሚጣ የሚበላ አለ። ትልን የሚገድለው እሳት ነው። ሎሚ አይገድለውም። ሚጥሚጣም አይገድለውም፤ አረቄም ቢጠጡበት አይገድለውም።

አሠራሩ

መጀመሪያ ዓሣውን እንምረጥ። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይባል የለ? ስትገዙ አናቱን እዩ። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ ይሁን። የጎደጎደና የደፈረሰ ከሆነ ተዉት። ከራሱ ጎን ያለውን ክዳን ገልጣችሁ እዩ። በዚያ ውስጥ ያለው ዓሣው የሚተነፍስበት ነገር ስንጥብ ይባላል። ስንጥቡ ቀይ ይሁን። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ዓሣው ሰንብቷል። ሥጋውን በጣት ተጫኑት። ጣታችሁ ሲነሳ ሥጋውም ተመልሶ ይነሳ። ጣታችሁ ጎድጓዳ ምልክት ከተወ ዓሣው አልፎበታል። ሻጩ «አሁን ከሐይቅ ወጣ» ቢላችሁም ከምላሱ ይልቅ ዓይኑን እመኑ፤ የዓሣውን ዓይን ማለቴ ነው።

ግማሽ ኪሎ ወይም ትንሽ ከፍ የሚል አንድ ቆሮሶ ይበቃል። ከዚያ በጣም የገዘፈ እንደሆነ ውስጡ ቶሎ አይበስልም። አምባዛ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አምባዛ ቅርፊት የለውም።

አሁን ልብ በሉ። እስከ ዛሬ ዓሣ ስትሠሩ መጀመሪያ ቅርፊቱን ትፍቁ ነበር። ለዚህ ምግብ ግን ቅርፊቱ አይፋቅም። ቅርፊቱና ቆዳው ጨዉ ወደ ሥጋው እንዳይገባ ይከለክላሉ። ከፋቃችሁት የሚበላ ዓሣ አይሆንም፤ ጨው ይሆናል። ጎኑንም በቢላ አትተልትሉት።

ሆዱን ከታች በኩል በትንሹ ክፈቱ። ሆድ ዕቃውን በሙሉ አውጡ። ሐሞቱ እንዳይፈነዳ ቀስ በሉ፤ ከፈሰሰ ሥጋውን ያመረዋል። ስንጥቡንም አውጡ። በሆዱ ውስጥ የተለጠፈውን ጥቁር ስስ ቆዳ ፍቁ። በንጹሕ ውሃ እጠቡና በጨርቅ አድርቁት። እርጥብ ከሆነ ጨዉ አይይዝለትም።

ሦስት ወይም አራት አገዳ ጠጅ ሣር ውሰዱ። የታችኛው ነጩ በኩል ነው የሚፈለገው። በዘነዘና መታ መታ አድርጉት፤ ሽታው ይወጣል። አጥፋችሁ በአፉም በሆዱም ክተቱት። ጥቂት ነጭ ሽንኩርትም ጨምሩ። ሆዱ ውስጥ ጨው አታድርጉ። ታይላንዶች ሌላም የቅጠል ዓይነት ይጨምራሉ፤ በሌለበት ጠጅ ሣሩ ብቻውን ይበቃል።

አሁን ጨዉ። ሻካራ ጨው ይሻላል። የደቀቀው ጨው ቶሎ ይሟሟል። ሁለት እፍኝ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ዱቄትና ጥቂት ውሃ አንድ ላይ እሹ። እርጥብ አሸዋ ሲመስል ይበቃል። ዱቄቱ ጨዉን ያጣብቀዋል። ዓሣውን በሁለቱም ጎን በዚህ ለብጡት። ከጅራቱ እስከ ራሱ ይሸፈን። በጣም መወፈር የለበትም። ጨው ደግሞ በከንቱ አይባክን።

ከዚያ እሳት። ነበልባል አይሁን፤ ፍም ይሁን። ፍሙ ላይ የብረት ሽቦ አድርጉና ዓሣውን አስተኙት። ፍሙ በጣም የጋለ እንደሆነ ዳር ዳሩን አመድ አልብሱት። በአንድ ጎን 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ከዚያ በጥንቃቄ ገልብጡት። በሌላው ጎንም 20 ደቂቃ። ደጋግማችሁ አታገላብጡት፤ ጨዉ ይረግፋል። ሰዓት የሌለው ሰው አይቸገር፤ መብሰሉን የምናውቅበት ሌላ ዘዴ አለ፤ እነግራችኋለሁ። ከሰል የምታነዱ ከሆነ በሩንም መስኮቱንም ክፈቱ፤ ከተቻለ ከደጅ ሥሩ። የታፈነ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል።

ሽቦ የሌላችሁ እንደ ድፎ ጋግሩት። ዓሣውን ጨው ካለበሳችሁ በኋላ በኮባ ጠቅልሉት። ምጣድ ላይ አድርጉት። በሌላ ምጣድ ክደኑትና ከላይም ከታችም ፍም አድርጉበት። ታይላንዶችም ዓሣን በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው መጋገር ያውቃሉ። ከተማ ያለች ልጃችሁ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ካላት ደግሞ፣ 200 ዲግሪ ላይ 40 ደቂቃ ያህል ታቆየው።

መብሰሉን ማወቂያው ይህ ነው። በጀርባው በኩል፣ ከራሱ ዝቅ ብሎ፣ ሥጋው ከሁሉ የሚወፍርበት ቦታ አለ። በዚያ ቢላ አስገብታችሁ እስከ አጥንቱ ክፈቱ። ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በቀላሉ ከተላቀቀ በስሏል። እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ወይም ከአጥንቱ አጠገብ ደም ካለ፣ አልበሰለም። መልሳችሁ ጣዱት። እንግዳ ቢጠብቅም፣ ልጅ ቢያለቅስም መልሳችሁ ጣዱት።

ማጣቀሻው

ዓሣው ብቻውን ለስላሳ ነው፤ ጣዕሙን የሚያነሳው ማጣቀሻው ነው። ከዳጣ ጋር ይቀራረባል። አምስት ወይም ስድስት አረንጓዴ ቃሪያ፣ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት (ሙሉው ራሱ አይደለም፤ ከውስጡ የሚፈለቀቀው ነው)፣ አንድ ጭብጥ የድንብላል ቅጠል ከነአገዳው በሙቀጫ ውቀጡ። የሦስት ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ጨው ጨምሩ። ታይላንዶች በጨው ፈንታ ከትናንሽ የባሕር ዓሦችና ከጨው ለወራት የሚጠራቀም ፈሳሽ ይጨምራሉ። እኛ ጨው ይበቃናል። ስትቀምሱት መጀመሪያ መኮምጠጡ፣ ቀጥሎ ማቃጠሉ፣ በመጨረሻ ትንሽ ጣፋጭነቱ ይምጣ። ስኳሩ ቀድሞ ከመጣ ሎሚ ጨምሩበት።

ዓሣው ሲቀርብ ጨዉን ከነቅርፊቱና ከነቆዳው በቢላ ከፍታችሁ እንደ ካባ ግለጡት። ብዙ ጊዜ በአንድ ላይ ይነሳል። ከሥሩ ነጭ ሥጋ ታገኛላችሁ፤ እንፋሎቱ የጠጅ ሣር ይሸታል። በታይላንድ ሥጋውን በሰላጣ ቅጠል ጠቅልለው፣ በማጣቀሻው ነክረው ይበሉታል። የኢሳን ሰዎች እንደ እኛው በእጃቸው ይበላሉ፤ የሚያጣብቅ ሩዝ ቆርሰው። በእንጀራም ያምራል። ለሕፃናት ስትሰጡ ግን ሥጋውን በጣታችሁ ዳስሱ፤ ቀጭን አጥንት ጉሮሮ ላይ ይሰካል።

የተረፈውን ራስና አጥንት ከጨዉ ለዩና በሽንኩርት ቀቅሉት፤ ጥሩ መረቅ ይወጣዋል። ጨው የነካውን ቆዳ ግን ለዶሮ አትጣሉ። ብዙ ጨው ዶሮን ይገድላል። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ ከጎመን መደባችሁም ይራቅ።