ፈረሱን ከመሸጥህ በፊት እጅህን እይ

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡኝ።

ባለፈው ሰሞን አንድ የድሮ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጻፈልኝ። ስሙን አልጠራም። ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ አባቱን በእርሻ እያገዘ ይኖራል። እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ ፈረሱን ልሸጠው ነው። ቤት ስንሆን እንደ በግ ነው፣ ሕፃን ይጋልበዋል። በበዓል ቀን ሰው ፊት ሳወጣው ግን ሌላ ፈረስ ይሆናል። ይቆማል፣ ወደ ጎን ይሸሻል፣ አንዴማ በኋላ እግሩ ቆሞ ሊጥለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አዋረደኝ። አባቴም ሽጠው ብሎኛል። ምን ይሉኛል?»

እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፣ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለኝ ይመስለኛል። ምክንያቱም የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ይኸው ጥያቄ በእኛ ቤት ተነሥቶ በተሳሳተ መንገድ ተመልሷል።

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ አባቴ አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረችው። ግንባሯ ላይ ነጭ ስለነበረባት ቦራ እንላታለን። እንደምታውቁት በእኛ አካባቢ ለጥምቀት ታቦቱን ካስገባን በኋላ ሜዳው የፈረሰኛ ነው፤ ሽምጥ ይጋለባል፣ ጉግስ ይጫወታሉ። የዚያን ዓመት አባቴ «ዘንድሮ አንተ ነህ የምትወጣው» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ቁርስ አልወርድልኝ አለ። ሜዳው ላይ የክፍሌ ልጆች በሙሉ አሉ፤ ከእነሱ መሐል ደግሞ አንዲት ልጅ... ይቺን እንኳ ልተዋት፣ ባለቤቴ ፌስቡክ ላይ አለች።

ኮርቻው ላይ ስወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዛቡን ጨምድጄ ይዤዋለሁ። ጉልበቴ ጎኗን ጥርቅም አድርጎ ይዟታል። ትንፋሼን አፍኜ መያዜን እንኳ አላወቅሁም። ሌሎቹ ፈረሰኞች ሲነሡ ቦራ አንገቷን ወደ ላይ ወረወረች፣ ዞረች፣ ቀጥታ ወደ ሕዝቡ ገባች። አንዲት እናት ልጇን ጎትታ ባታወጣ ኖሮ የሚሆነውን እግዜር ነው የሚያውቀው። ከዚያ ሰው ሳቀ።

እኔ ምን አደረግሁ? ወርጄ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ በአለንጋ መታኋት። አባቴ ሲጠይቀኝም «እሷ ናት፣ ሰው ትፈራለች» አልኩት። አመነኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቡሬ ገበያ ወስዶ ሸጣት።

በዓመቱ ጥምቀት ቦራን አየኋት። የገዛት ሰው ልጅ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ተቀምጦባታል። ያው ሜዳ፣ ያው ሕዝብ፣ ያው እልልታ። እንደ ውኃ ፈሰሰች። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ያያል። አንድም ቃል አልተናገረኝም። ዛሬ አባቴ በሕይወት የለም። «ፈረሷ አልነበረችም፣ እኔ ነበርኩ» ሳልለው ቀረሁ። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲወድቅ ወይም ሲሸነፍ «ፈረሱ ከዳው» እንላለን። የእኔ አስተያየት ግን ይሄ ነው፦ ፈረሱ የከዳን ሲመስለን ብዙውን ጊዜ ያደረገው ነገር ቢኖር እኛን ማመን ነው። እኛ ፈራን፤ እሱም «ጌታዬ የሚፈራው ነገር ካለ እኔም ልፍራ» አለ። በቃ።

ይሄ የአስተማሪ ፍልስፍና እንዳይመስላችሁ። የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት ጀርመን፣ በርሊን ውስጥ፣ ሐንስ የሚባል ፈረስ ነበር። ባለቤቱ እንደ እኔው አስተማሪ፣ ያውም የሒሳብ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። ሦስት ሲደመር አራት ሲባል ሐንስ በሰኮናው መሬቱን ሰባት ጊዜ ይመታል። አገር ጉድ አለ። በኋላ ኦስካር ፉንግስት የሚባል ተመራማሪ መረመረውና እ.ኤ.አ. በ1907 ምሥጢሩን አወጣ። ሐንስ ሒሳብ አያውቅም። የሚያነበው የጠያቂውን ሰውነት ነው። ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው አንገቱን፣ ፊቱን ትንሽ ያላላል፤ ሐንስ ያኔ ይቆማል። ጠያቂው ራሱ መልሱን የማያውቅ ከሆነ ሐንስም አያውቅም። እስቲ አስቡት፦ ከፊቱ ቆሞ የሚጠይቀውን ሰው በዓይኑ ብቻ እንዲህ የሚያነብ እንስሳ፣ ጀርባው ላይ የተቀመጠውን ሰው እንዴት አያነብ? ዝንብ ስታርፍበት እንኳ ቆዳውን የሚያርገፈግፍ ፍጡር እኮ ነው።

በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2009 የስዊድን ተመራማሪዎች አንድ የሚገርም ነገር አሳትመዋል። ሰዎች ፈረስ እየጋለቡ ወይም እየሳቡ አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው እንዲመላለሱ አደረጉ። በመጨረሻው ዙር ላይ ለሰዎቹ «አሁን ስታልፉ ጃንጥላ ይከፈታል» ብለው ነገሯቸው። ጃንጥላው አልተከፈተም። ነገር ግን የሰዎቹ የልብ ምት ጨመረ፤ የፈረሶቹም ጨመረ። ፈረሱ ስለ ጃንጥላው የሰማው ነገር የለም፤ የሰማው የሰውየውን ፍርሃት ነው። የጥምቀትን ጃንጥላ ለምታውቁ ይሄ ግልጽ ነው።

ውሻም ያው ነው። ውጭ አገር ውሻን በመሰናክል ላይ የማስሮጥ ውድድር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ ክራፍትስ በሚባለው የውሻ ትርኢት ላይ የተጀመረ ነው። ሰውየው አብሮ እየሮጠ በእጁና በድምፁ ይመራዋል። እዚያም የሰዎቹ ትልቁ ችግር የራሳቸው ፍርሃት ነው፤ ባለቤቱ ሲርበተበት ውሻው መንገዱ ይጠፋበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የውሾችንና የባለቤቶቻቸውን ፀጉር ወስደው በውስጡ ያለውን የጭንቀት ሆርሞን ለኩ። ባለቤቷ ለወራት የተጨነቀች ከሆነ የውሻዋም ፀጉር ያንኑ ይናገራል። ግንኙነቱ ደግሞ በተለይ በተወዳዳሪ ውሾች ላይ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ክፍል ልውሰዳችሁ። ስንፈራ ከኩላሊታችን በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይጠነክራል። ይሄ በሽታ አይደለም፤ ሰውነት ለትልቅ ነገር ሲዘጋጅ ነው። ስለዚህ «አትፍራ! ወንድ ልጅ አይፈራም!» የሚለው ምክር ምንም አይሠራም። ልጁ ሁለት ነገር ይፈራል ማለት ነው፤ ውድድሩንም፣ መፍራቱ እንዳይታወቅበትም። እኔን የገደለኝ ሁለተኛው ነው። አባቴን «ፈርቻለሁ» ብለው ኖሮ ቦራ ባልተሸጠች።

አባቶቻችን ይህን የሚያውቁት ይመስለኛል። ፉከራና ቀረርቶ ለምን መጣ? ደረት ውስጥ የሚመታውን ልብ ወደ ወኔ ለመለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አንዲት የሐርቫርድ ተመራማሪ ሰዎችን ከመዝፈን፣ ከንግግርና ከሒሳብ ፈተና በፊት ፈትና ነበር። «ተረጋግቻለሁ» ከሚሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ብለው ድምፅ አውጥተው የተናገሩት የተሻለ ሠሩ። እኛ ይሄን ፉከራ እንለዋለን። ግን ልብ በሉ፦ ፉከራ ለሰው ነው። ፈረሱ ላይ ተቀምጠህ ስትፎክር ፈረሱም አብሮህ ይፎክራል። ስለዚህ ፉከራህን መሬት ላይ ጨርስ፤ እርካቡን ስትረግጥ ዝም በል።

ለተማሪዬ የጻፍኩለትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ መጀመሪያ ፈረሱን መርምር። ጀርባው ቆስሎ ከሆነ፣ ጠፍሩ የሚቆርጠው ከሆነ፣ ልጓሙ አፉን የሚያቆስለው ከሆነ፣ ስለ ፍርሃት የማወራው ሁሉ ከንቱ ነው። ያመመው ፈረስ ምክር አይፈልግም።

ሁለተኛ፣ ቀድመህ ድረስ። ከቡሬ በቲሊሊ በኩል ሽቅብ ወጥታችሁ ጥር 23 ቀን እንጅባራ የሄዳችሁ ታውቃላችሁ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ዓድዋ ላይ የዋሉትን ፈረሶች ጭምር የሚያስብ በዓል ነው። እዚያ ሳይ የገረመኝ ሽማግሌዎቹ ፈረሰኞች ናቸው። ወጣቱ ገና እንደደረሰ መጋለብ ይፈልጋል። ሽማግሌው ግን ፈረሱን በዝግታ ያዞረዋል፣ ሕዝቡን ያሳየዋል፣ አንገቱን እያሻሸ ያዋራዋል። ፈረሱን ብቻ ሳይሆን ራሱንም እያስለመደ ነው።

ሦስተኛ፣ ትንፋሽ። በአፍንጫህ እስከ አራት እየቆጠርክ አስገባ፣ እስከ ስምንት እየቆጠርክ ቀስ ብለህ አስወጣ። ረዥም አወጣጥ ልብን ያቀዘቅዛል፤ ይሄ ሰውነትህ ውስጥ የተሠራ ፍሬን ነው። መቁጠር ካቃተህ አንጎራጉር። እያንጎራጎረ ትንፋሹን የሚያፍን ሰው የለም።

አራተኛ፣ እጅህን እይ። ዛቡን ጫጩት እንደያዝክ ያዘው፦ እንዳታመልጥህ፣ ግን እንዳትሞትብህም። ጉልበትህን አላላ። ዓይንህን ከፈረሱ ጆሮ ላይ አንሣና ልትደርስበት ወዳሰብከው ዛፍ ተመልከት።

አምስተኛ፣ ጥምቀትን የመጀመሪያው ፈተና አታድርገው። ዛሬ አምስት ጎረቤት ጥራ፣ በሚቀጥለው እሑድ አሥር። ልጆቹ ይጩኹ፣ ያጨብጭቡ፣ ጃንጥላ ይክፈቱ። ክፍል ውስጥ መልመጃ ሳልሰጣችሁ ፈተና አልሰጠኋችሁም አይደል?

ስድስተኛ፣ ቢበላሽም አትምታው። ያን ቀን የመታኸው ፈረስ በሚቀጥለው ዓመት ሜዳውን ሲያይ የሚያስታውሰው ሕዝቡን አይደለም፣ አለንጋህን ነው። ውረድ፣ በእርምጃ ሳበው፣ ውኃ አጠጣው፣ ከዚያ ሂድ።

አሁን «ቲቸር፣ ፈረስ የለንም፣ ለእኛስ?» የምትሉ አላችሁ። አላችሁ እኮ። ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ በአውቶቡስ ሲሄዱ፣ ወላጅ በሩ ላይ ቆሞ እያለቀሰ ሲሸኝ አይቻለሁ። እኔ ራሴ ስንት ክፍል ገብቼ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ «ይሄን ካላለፋችሁ አበቃላችሁ» ብያለሁ? ዛቡን ጨምድጄ ይዤ ነበር። ከዚያ ውጤቱ ሲመጣ «የዘንድሮ ተማሪዎች ሰነፍ ናቸው» አልን። ፈረሷን መታን ማለት ነው። በእኔ እጅ ላለፋችሁና እንዲያ ላልኳችሁ፣ ዛሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዘመኑ ለማንም የሚያረጋጋ አይደለም፤ የሰው ሁሉ ልብ ተሸብሯል። ይሁን እንጂ ፍርሃታችንን አብሮን ላለው ከማውረዳችን በፊት አንዴ መተንፈስ እንችላለን።

ደግሞ አንድ ነገር። ነገሥታቱና መኳንንቱ የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ሰውየው የሚጠራው በፈረሱ ስም ከሆነ የፈረሱ ነውር የሰውየው ነውር ነው ማለት ነው። «ፈረሱ ከዳኝ» ብሎ ማምለጫ የለም።

ወንድሜ፣ ለአንተ የመጨረሻ ቃሌ ይኸው። ፈረሱን አትሽጠው፤ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ጥምቀት ቆይ። ዛሬ ማታ አባትህን «እኔ ነኝ የምፈራው» በለው። ኮርቻ ላይ ከመውጣት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። አባትህ ግን በሕይወት አለ፤ ልትነግረው ትችላለህ። እኔ ያንን ዕድል አላገኘሁም።

እናንተስ? ፍርሃታችሁን በማን ላይ አውርዳችሁ ታውቃላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ። ሰላም እደሩ።