ኤሌክትሮድም እንደ ጠመኔ አላቂ ዕቃ ነው

በየትኛውም ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ብትገቡ ጠመኔ በአላቂ ዕቃዎች መዝገብ ላይ ሰፍሮ ታገኙታላችሁ። የአንዱ ዋጋ ኢምንት ቢሆንም በጀት ሲያዝ ይቆጠራል። የብየዳ ሠራተኞቻችን ግን ለአላቂ ዕቃቸው ይህን ያህል ቦታ አይሰጡም። አስተያየቴም በዚሁ ላይ ነው።

ከመገናኛ በገርጂ አድርጎ ወደ ሰሚትና አያት የሚጓዝ ሰው መንገድ ዳር ብዙ የብረታ ብረት ቤቶችን ያያል። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በቦሌ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ለሙከራ መሠራት ከጀመረ ወዲህ የበርና የመስኮት ሥራ ለብዙ ጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት እንጀራ ሆኗል። ዛሬም የመስኮት ፍርግርግ የሚያሠራ ሰው፣ «ብረቱ ስንት፣ የእጅህስ ስንት?» ይላል። በያጁም ለሁለቱ መልስ ሰጥቶ ቀብድ ይቀበላል። ኤሌክትሮዱ፣ ዲስኩ፣ ፀረ ዝገት ቀለሙ፣ መብራቱስ? «እሷ ምን አላት፣ ከእጅ ዋጋ ትወጣለች» ይባላል።

እስቲ እናስላው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። ለአንድ ፍርግርግ የእጅ ዋጋ 1,400 ብር ይሁን። በ600 ብር የተገዛ የኤሌክትሮድ ፓኬት 6 ፍርግርግ ቢጨርስ ለአንዱ 100 ብር ይደርሰዋል። የ120 ብር መቁረጫ ዲስክ 3 ቢጨርስ 40 ብር፤ የ180 ብር መሞረጃ ዲስክ 6 ቢጨርስ 30 ብር፤ ለቀለምና ለቲነር 110 ብር፤ ለመብራት፣ ለብሩሽና ለጓንት 40 ብር። ድምሩ 320 ብር ነው። ሁለት ሰዎች ሁለት ቀን ቢሠሩበት እያንዳንዳቸው በቀን 350 ብር ያገኙ ይመስላቸዋል፤ እጃቸው የሚገባው ግን 270 ብር ነው። በ10 ፍርግርግ 3,200 ብር ሳይታይ ሄደ ማለት ነው።

የተገዛው ኤሌክትሮድ ደግሞ ሁሉም ብረቱ ላይ አያርፍም። ከ35 ሳንቲ ሜትር ዘንግ 5 ሳንቲ ሜትር ያህሉ ቁራጭ ሆኖ ይጣላል፤ ሰባተኛው እጅ መሆኑ ነው። ልባሱም ቅርፊት ሆኖ በመዶሻ ይረገፋል። ስለዚህ መቁጠር የሚሻለው አንድ ፓኬት ስንት ሥራ እንደጨረሰ ነው። ዋጋውም ባለበት አይቆምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዲስክ በአምና ዋጋ ከታሰበ ትርፉ ድካም ነው።

«ብጨምር ደንበኛው ጎረቤት ይሄዳል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይሄዳል። ነገር ግን ያ ጎረቤት ጉድለቱን ከየት ያመጣዋል? ሙሉ መበየድ ያለበትን ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያልፋል፤ ፀረ ዝገቱን ይዘላል። ክረምት ሲገባ ዝገቱ ይወጣል። ፍርግርጉ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሕፃን ሲደገፍበትስ? ለደንበኛውም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንበታል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የዋጋ ማቅረቢያው ሦስት መስመር ይኑረው፦ ብረት፣ አላቂ ዕቃ፣ እጅ። ፓኬት የተከፈተበት ቀንና የሠራው ሥራ በደብተር ይጻፍ። ደንበኛውም የሚከራከርበትን አይቶ ይከራከራል።

ሠልጣኝ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ነገ ማካፈልን ስናስተምር ብርቱካን ለልጆች ማከፋፈሉ ብቻ ይበቃናል? ከፊታችን ከሚቀመጡት መካከል አባቱ በያጅ የሆነ ልጅ አይታጣም። አንዱን ፓኬት ለስድስት ፍርግርግ አካፍሎ ቤቱ ቢገባ፣ ትምህርቱ የዚያኑ ማታ ሥራ ላይ ይውላል። የሒሳብ መምህራኖቻችንስ ምን ይላሉ?