የካሜራው መርፌ ብትሞት ትጠገን ወይ?

በዚህ ሳምንት ስለ አንድ አሮጌ ካሜራ እንጫወታለን። ካሜራው ያለው አሊዩ አምባ ነው። አሊዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል ሲወርዱ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። ድሮ የሲራራ ነጋዴዎች ከሐረርና ከታጁራ በኩል እየመጡ ጨው፣ ቡናና ጨርቅ ይገበያዩባት ነበር።

የካሜራው ባለቤት ገበሬ ነው። አባቱ በገበያ ቀን ፎቶ ያነሱ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ካሜራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ዘንድሮ ልጃቸው አወረደው። እናቱ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። በዚሁ በአባቱ ካሜራ ሊያነሳቸው ፈለገ። ታዲያ የካሜራው የብርሃን መለኪያ አይሠራም። አንድ ጠጋኝ “አሠራልሃለሁ” ብሎ ብዙ ብር ጠየቀው። ብሩ የሚገኘው ፍየል ከተሸጠች ብቻ ነው። “ልሽጣት ወይስ ልተወው? እናንተስ ምን ትላላችሁ?” አለን።

እኛም ካሜራውን ተቀብለን አየነው። ዜኒት-ኢ ይባላል። በሶቭየት ኅብረት የተሠራ ነው።

የብርሃን መለኪያ ሥራው ምንድን ነው? ፊልም ብርሃን ሲነካው መልክ ይይዛል። ብርሃን ሲበዛበት ፎቶው ይነጣል። ሲያንሰው ይጨልማል። ስለዚህ ሌንሱ ውስጥ የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ አለ። ከኋላው ደግሞ ተከፍቶ የሚዘጋ የጨርቅ መጋረጃ አለ። ቀዳዳው ስንት ይስፋ? መጋረጃው ምን ያህል ይፍጠን? ይህን የምትነግረን የመለኪያዋ መርፌ ናት።

በዜኒት-ኢ ግንባር ላይ እንደ ማር እንጀራ የተሸነሸነ መስታወት አለ። ከሥሩ ሴሌኒየም የሚባል ነገር ተቀብቷል። ሴሌኒየም ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያወጣል። ያ ኤሌክትሪክ መርፌዋን ይገፋል። የባትሪ ድንጋይ አያስፈልገውም። ግን ዕድሜ አለው። በተለይ እርጥበት ከገባበት ይደክማል። ከደከመ አይታደስም። ያለው መንገድ ከሌላ ካሜራ ነቅሎ መተካት ነው። ያም ካሜራ ቢሆን የዚያው ዘመን ነው። አሮጌ በሬ ሰጥቶ አሮጌ በሬ እንደ መውሰድ ነው፤ ለዚያውም ምራቂ ፍየል ጨምሮ!

ካሜራውን ከቤት ይዘን ፀሐይ ላይ ወጣን። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም።

ካሜራው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ሌላ ምክር እንሰጥ ነበር። እዚያ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ድንጋዩ በሚቀመጥበት ቦታ ያለ አረንጓዴ ዝገት ነው። ሲጠረግ ይድናል። የጥንቶቹ ድንጋዮች ባዜቃ ነበረባቸውና ለጤና ስለማይበጁ ቀርተዋል። በአዲሶቹ ሲተኩ መርፌዋ ትንሽ ልትሳሳት ትችላለች።

ከመለኪያው በፊት መታየት ያለበት መጋረጃው ነው። ፊልም ሳይገባ የካሜራውን ጀርባ ከፈትን። ወደ ሰማይ አዙረን ቁልፉን ተጫንን። በ30፣ በ60፣ በ125፣ በ250፣ በ500 ሞከርነው። ሁሉም ተከፍቶ ተዘጋ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዜኒት-ኢ መለኪያውና መጋረጃው አልተያያዙም። መርፌዋ ብትሞትም ካሜራው ያነሳል።

ታዲያ ብርሃኑን በምን እንለካ? በጥላ ነው።

100 የሚል ፊልም ይግባ። መጋረጃው 125 ላይ ይሁን። ይህም የአንድ ሰከንድ 125ኛ እጅ ማለት ነው። ፀሐዩ ደምቆ የሰው ጥላ እንደ ቢላ ከተሳለ ቀዳዳው 16 ይሁን። ስስ ደመና መጥቶ ጥላው ከደበዘዘ 11። ጥላ ጨርሶ ከጠፋ 8። ሰውዬው ከዛፍ ሥር ቢቀመጥ፣ ሰማዩ ግን ከፊቱ ክፍት ቢሆን፣ 4። እዚህ ላይ አትደናገሩ። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከ16 ወደ 11 ስንሄድ የሚገባው ብርሃን እጥፍ ይሆናል። ከ11 ወደ 8 ስንሄድም እንደዚያው። የተጠራጠረ ሰው ብርሃን ጨመር ቢያደርግ ይሻላል። ፊልም ከጥጋብ ይልቅ ረሃብ ይጎዳዋል።

በዚያ ላይ ጤነኛ መርፌም ትዋሻለች። እናትየው ነጭ ነጠላ ይለብሳሉ። መርፌዋ ነጩን አይታ “ብርሃኑ በዝቷል፣ ቀንሱ” ትላለች። ከቀነስን ነጠላው ያምራል፤ ፊታቸው ግን ይጠቁራል። ለነጠላው ብሎ ፎቶ የሚያነሳ ማን አለ?

መርፌ የሌለው ካሜራ አዲስ ነገር አይደለም። በአንኮበር የሸዋ ንጉሥ የነበሩት፣ ኋላም ንጉሠ ነገሥት የሆኑት አጼ ምኒልክ ያረፉት በ1906 ዓ.ም. ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የብርሃን መለኪያ ገበያ ላይ የወጣው ከዚያ ወደ 20 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ዛሬ የምናያቸው የምኒልክ ፎቶዎች ሁሉ ያለዚያች መርፌ የተነሱ ናቸው።

ስለዚህ “አትጠግነው” አልነው። ወዳጃችን ግን ፊቱ አልፈታም። “አባቴ የያዘውን ዕቃ ጎዶሎ አድርጌ ልያዝ?” አለ። እውነቱን ነው፤ ይህ የብር ነገር ብቻ አይደለም። መልስ አጣንለት። መልሱ የመጣው ከጓዳ ነው። እናቱ ሲሰሙን ቆይተው ኖሯል።

“አባትህ መርፌ ሲያዩ አይቼ አላውቅም፤ መሬት መሬቱን ነበር የሚያዩት” አሉ።

ፍየሏ አልተሸጠችም። ፊልሙን ከማሾው ሽያጭ ሊገዛ ቆርጧል። ፊልም ዛሬም በውጭ አገር ይሠራል፤ እንደ ድሮው ግን በየፎቶ ቤቱ አይገኝም። ሳይገዛ በፊት የሚያጥብለት ሰው መኖሩን እንዲጠይቅ ነግረነዋል። ካልታጠበ ፊልም ማንም ፊት አይወጣም።

አንድ ፊልም 36 ፎቶ አለው። ደብተር ይዞ ለያንዳንዱ ፎቶ ይጽፋል፦ ተራ ቁጥር፣ ቀዳዳ፣ ፍጥነት፣ ጥላው ምን እንደሚመስል። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ደብተሩን ከፎቶው ጋር ያስተያያል። የመጀመሪያውን መስመር እኛ ባለንበት ጻፈ፦ “1፣ 4፣ 125፣ ከዛፍ ሥር፣ እማማ።”