«አዲስ አበባ እኮ ዳገት ናት» ለምትሉኝ ሁሉ

ስለ ብስክሌት አንድ ነገር በጻፍኩ ቁጥር ሥሩ የሚመጣው መልስ አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ አዲስ አበባ እኮ ዳገት ናት፤ ሳይክል ለሆላንድ ነው።» ይህን የሚጽፉልኝ የማላውቃቸው ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ባለፍኩት ነበር። ያስተማርኳቸው፣ ዛሬ መሐንዲስ የሆኑት ሳይቀሩ ይህንኑ ይደግሙታል። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ሻይ ይዛችሁ አንብቡ።

እስቲ ከሩጫ እንጀምር። ደራርቱ፣ ኃይሌ፣ ቀነኒሳ ሲያሸንፉ ምን ነበር የምንለው? «ከፍታው ነው! የእንጦጦ አየር ነው!» ፈረንጅ ሳይቀር አገሩን ትቶ መጥቶ ሱሉልታ ላይ ይሮጣል። ታዲያ ያው ከፍታ፣ ያው ሳንባ፣ ሁለት ጎማ ሲጨመርበት እንዴት ነው እርግማን የሚሆነው? ለሯጭ ሲሆን ጸጋ፣ ለብስክሌተኛ ሲሆን ሰበብ። እንዲህ ዓይነት ሒሳብ እኔ ክፍል ውስጥ አላስተማርኩም።

ቁጥር ለምትወዱ ቁጥር ልስጣችሁ። በቱር ደ ፍራንስ ዝነኛ የሆነው የቱርማሌ ዳገት ጫፉ 2,115 ሜትር ላይ ነው። ሃያ አንድ ጥምዝ ያለው አልፕ ደ ዌዝ የሚያልቀው 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። ካዛንቺስ ቆማችሁ ቡና ስትጠጡ ከ2,300 ሜትር በላይ ናችሁ። ዓለም በቴሌቪዥን አፉን ከፍቶ የሚያየው ዳገት የሚያልቀው እኛ ከምንጀምርበት በታች ነው ማለት ነው! ቤልጄማዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ሊሰብር ሲነሳ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሜክሲኮ ሲቲ የሄደው አየሩ ሳሳ ያለ፣ ለፍጥነት የሚመች ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ከሜክሲኮ ሲቲም ከፍ ትላለች።

አሁን መንገዱን ላሳያችሁ፣ ሁላችሁም የምታውቁትን መንገድ። ከጎተራ ተነሱ። በላንቻ በኩል መስቀል አደባባይ እስክትደርሱ ዳገት መሆኑን እንኳ ሳታውቁት ቀስ እያለ ይወጣል። ከአደባባዩ በኢሲኤ በር፣ በሒልተን አድርጋችሁ ወደ 4 ኪሎ ስትሄዱ ጭናችሁ መናገር ይጀምራል፤ አንድ ማርሽ ማቅለል ነው። ከ4 ኪሎ 6 ኪሎ፣ ከ6 ኪሎ ሽሮ ሜዳ ትንፋሽ ማከፋፈል ያስፈልጋል። ከሽሮ ሜዳ በላይ ግን ቀልድ የለም። የመጨረሻዋን ቀላል ማርሽ አስገብቶ፣ አንገት ደፍቶ፣ በባሕር ዛፉ መሐል እስከ እንጦጦ ማርያም መጋዝ ነው። ከመስቀል አደባባይ ብትቆጥሩት 10 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከ600 ሜትር በላይ ወደ ላይ ወጥታችሁ ወደ 3,000 ሜትር ትጠጋላችሁ። የአውሮፓ ብስክሌተኞች እንዲህ ያለ ዳገት በከተማቸው መሐል ቢያገኙ ሐውልት ያቆሙለት ነበር። እኛ «አይሆንም» የምንልበት ማስረጃ አደረግነው።

«ቲቸር፣ ሁሉም ሰው እንጦጦ አይወጣም» ትሉኛላችሁ። ትክክል! እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የአብዛኛው ሰው ጉዞ ከካዛንቺስ ኡራኤል፣ ከኡራኤል ቦሌ፣ ከስታዲየም ጎተራ ነው። ይህ ዳገት ከተባለ በውነት ተሞላቀናል። በዚህች ከተማ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ የሚደረገው እኮ በእግር ነው። ያንኑ ዳገት ሕፃን አዝላ፣ ዘንቢል ይዛ የምትወጣ እናት አለች። የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ እናቶችማ ወጥተው፣ ጀርባቸውን የሚያጎብጥ ሸክም ይዘው ይወርዳሉ። «ዳገት ነው» ብሎ ሰበብ የሚያቀርበው መኪና ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው።

ደግሞስ «ለእኛ አይሆንም» ማለት ከየት መጣ? ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ የቆመችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ነው። በስንት ስፖርት ሄድን? በሁለት፦ በአትሌቲክስና በብስክሌት። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ ሜልቦርን ላይ ፔዳል ሲረግጡ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ለማሸነፍ ገና አራት ዓመት ይቀረው ነበር። ከትግራይ የወጣው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከዚህ ውስጥ ስንቱን ለልጆቻችሁ ነግራችኋል?

ጎረቤትም እንይ። አስመራ ከፍታዋ ከእኛ ብዙም አይለይም፤ ቁልቁለቷ ደግሞ እስከ ቀይ ባሕር ነው። እዚያ ብስክሌት የሕዝብ ፍቅር ነው። ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ምዕራፍ አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለብሶ ገባ። ሩዋንዳ «የሺህ ኮረብታዎች አገር» እየተባለች፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮናን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ ኪጋሊ ላይ አስተናገደች። ኮረብታዋን አልደበቀችም፤ ውድድሩን ራሱ ኮረብታው ላይ ሠራችው።

እንግዲህ ዳገቱ ካልሆነ እንቅፋቱ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁን ላላስደስት ነው።

የኮሪደር ልማቱ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብስክሌት መስመር ይዞ መጥቷል። ጥሩ ነው፤ ጥሩውን ጥሩ እላለሁ። ግን መስመሩ መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ ይጠፋል፤ ብስክሌተኛውን ሚኒባስና ሲኖትራክ መሐል ጥሎት ይሰወራል። ሲፈልግ መኪና ይቆምበታል። ሥራ ቦታ ስትደርስ ደግሞ ማቆሚያ የለም። አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ዘበኛው «ጋሼ፣ መኪና ከሆነ ይግቡ፣ ሳይክል አናስገባም» ብሎ መልሶኛል። እሱን አልወቅስም፣ የታዘዘውን ነው ያደረገው። የአንድ ደህና ብስክሌት ዋጋ ከብዙ መምህር የወር ደመወዝ በላይ መሆኑንም ጨምሩበት። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እግዚአብሔር የሠራው የትኛው ነው? አንዱም!

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የካዛንቺስ ነገር ነው። ስሙን ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራው ቤት የወረሰ ሰፈር፣ ከዚያ ወዲህ ግን የእኛው ሰው ኖሮ፣ ነግዶ፣ ወልዶ ያሳደገበት ሰፈር ነበር። የብዙው ነዋሪ ሥራ እግሩ ሥር ነበር፤ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ለብስክሌት የተመተረ ርቀት። በ2017 መባቻ ሰፈሩ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ገላን ጉራና ሌላም ሌላም የከተማ ዳር ሄደ። ዛሬ ካዛንቺስ ላይ ያማረ የብስክሌት መስመር አለ። መስመሩ መጣ፣ የሚነዳበት ሰው ሄደ። ያ ሰው አሁን በጨለማ ተነስቶ አውቶቡስ ይሰለፋል። ለእሱ የከበደው ዳገቱ አይደለም፣ ርቀቱ ነው። ርቀቱን ደግሞ የፈጠረው ሰው ነው።

ስለዚህ «ዳገት ናት» የሚለው መልስ ንጹሕ ስህተት ብቻ አይመስለኝም። ምቹ መልስ ነው። ጥፋቱን ተራራው ላይ ከጣልነው ማንም አይጠየቅም። ብስክሌትም የእሁድ መዝናኛ ሆኖ ይቀራል፦ በመኪና እንጦጦ ፓርክ ወጥቶ፣ እዚያ ሳይክል ነድቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ በመኪና መመለስ። ዳገቱን መኪናው ወጣ፣ ላይኩን ሳይክሉ ወሰደ!

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። መስመሩ መጋጠሚያ ላይ አይቋረጥ፤ የቆመበት መኪና ይቀጣ። ማንኛውም መኪና የሚያቆም መሥሪያ ቤት ሳይክልም ያቁም። ዳር ከተማ ለሰፈረው ሕዝብ ከመንደሩ እስከ ባቡሩና አውቶቡሱ ፌርማታ መስመር ይዘርጋለት፣ እዚያም የሚጠበቅ ማቆሚያ ይኑር። «መንገድ ለሰው» ብለን በ2011 ዓ.ም. መንገድ ዘግተን ሕዝብ ስናስሮጥ ሰማይ አልተደፋም። እንግዲያው በወር አንድ እሁድ ጠዋት ከመስቀል አደባባይ እስከ እንጦጦ ማርያም መንገዱን ለብስክሌት እንክፈትና የሰፈር ልጆች ይወዳደሩበት። የቂርቆስን ልጅ ዳገት አታውቀውም አትበሉት፤ አድጎበታል።

የምትቃወሙ ጻፉ፣ እመልሳለሁ። ግን «ዳገት ናት» ብሎ የሚጽፍ ተማሪዬ ካለ፣ መጀመሪያ ከጎተራ 4 ኪሎ በሳይክል ወጥቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ይጻፍልኝ። ያኔ እንነጋገራለን።