ትግል በትምህርት ቤታችን ይጀመር

«ትግል» የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ፖለቲካ ነው፤ ጫካው፣ ድርጅቱ፣ ጠመንጃው። ከአገር ያስወጣን ነገር ከዚሁ ቃል ጋር የተያያዘ ስለሆነ አይፈረድብንም። በዛሬው ርዕሰ አንቀጻችን የምናነሳው ግን የጥንቱን ትግል ነው። እረኞች ከብቱን መስክ ላይ አሰማርተው ወገብ ለወገብ ተያይዘው የሚገጥሙትን፣ የወደቀውም አቧራውን አራግፎ ከጣለው ልጅ ጋር ቆሎ የሚካፈልበትን ጨዋታ ማለታችን ነው። ይህ ጨዋታ በትምህርት ቤታችን እንደ አንድ ስፖርት እንዲጀመር፣ ተማሪዎችም እንዲሞክሩት እንጠይቃለን።

እንደሚታወቀው በካምፕ ውስጥ ስፖርት ማለት እግር ኳስ ነው። ኳስን የሚጠላ የለም፤ እኛም አንጠላም። ግን አንድ ሜዳ ላይ በአንድ ጊዜ የሚጫወቱት 22 ልጆች ናቸው። ሌላው ዳር ቆሞ ያያል። ኳሷ የፈነዳች ዕለት ደግሞ ሁሉም ቁጭ ብሎ አዲስ ኳስ እስኪመጣ ይጠብቃል። ትግል ኳስም፣ ጎልም፣ ታኬታ ጫማም አይጠይቅም። ድንጋዩና እሾኩ የተለቀመለት፣ አሸዋ የተነጠፈበት አንድ ክብ ቦታ ይበቃዋል። የሚገጥመውም ልጅ ኪሎው ከሚመስለው ጋር ስለሆነ ኳስ ሜዳ ላይ «አንተ ትንሽ ነህ፣ ውጣ» የሚባለው ልጅ እዚህ የራሱ ቦታ አለው።

ያለንበት አገር ደግሞ የትግል አገር ነው። ከጁባ በስተሰሜን በተረከካ አካባቢ የሚኖሩት ሙንዳሪዎች፣ እንዲሁም የቦር ዲንካዎች በትግል የታወቁ ናቸው። ከበሮ እየተመታ፣ እየተዘፈነ ይገጥማሉ፤ ጥሩ ታጋይ በሰፈሩ ስሙ ይነሳል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻነቷን ባገኘችበት ጊዜ አካባቢ እነዚህ ግጥሚያዎች ጁባ ከተማ ገብተው ስታዲየም ውስጥ በብዙ ሰው ፊት ተካሂደዋል።

ከሱዳን የመጡት ወገኖቻችንም አሉ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ብዙዎች ወደ ጎሮም መጥተው፣ ቀድሞ ከጋምቤላ ከመጣነው ጋር ጎረቤት ሆነዋል። የኑባ ተራራ ሕዝብ ትግል ከጦርነቱ በፊት በካርቱም ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ቋሚ ተመልካች ነበረው። ስለዚህ አሰልጣኝ ከሩቅ አይምጣልን። በሱዳኖቹም ሆነ በአገሬው ሰው መካከል ትግልን ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው ይኖራል፤ ፈልገን እንጠይቅ።

ትግል ለኛም ባዕድ አይደለም። በአገራችን ከገና፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር ከባህል ስፖርቶች አንዱ ሆኖ ውድድር ይደረግበታል። በዓለም ደረጃም እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴንስ በተካሄደው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ ላይ ነበረ። ሴቶች በኦሎምፒክ ትግል መወዳደር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ ናይጄሪያዊቷ ብሌሲንግ ኦቦሩዱዱ ለ2020 በተያዘውና በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ የብር ሜዳሊያ ወስዳለች። ስደተኛ ከዚህ መድረክ አይደርስም የሚል ካለም ይህን ያስታውስ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ የመጀመሪያው የስደተኞች ቡድን ሲሰለፍ ከ10ሩ ስፖርተኞች አምስቱ በካኩማ ካምፕ የኖሩ የደቡብ ሱዳን ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ደግሞ ኢትዮጵያዊው የማራቶን ሯጭ ዮናስ ክንዴ ነበር። በ2024 ፓሪስ ላይ በዚሁ የስደተኞች ቡድን ውስጥ ሁለት የትግል ተወዳዳሪዎች ተካተዋል።

ይህን ስንል ልጆቻችን ሁሉ ኦሎምፒክ ይሄዳሉ ብለን ተስፋ ለመሸጥ አይደለም። ዋናው ምክንያታችን እዚሁ ካምፕ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ውሃ ወረፋ ላይ በጄሪካን የሚጀመረውን ግፊያ ሁላችንም አይተነዋል። ሁለት ልጆች ይያያዛሉ፣ ከዚያ ወንድም ይጠራል፣ ከዚያ ብሎክ ለብሎክ ይሆናል፣ በመጨረሻም የአንዱ አገር ሰው ከሌላው አገር ሰው ጋር ይኮራረፋል። ልጆቹ ጉልበት አላቸው፤ ጉልበታቸውን የሚያቆሙበትን ቦታ ግን ያሳያቸው ሰው የለም። ትግል የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ቡጢ የለም፣ እርግጫ የለም፣ ፊሽካ ሲነፋ ደግሞ ያሸነፈውም ይለቃል። በንዴት ሰዓት ፊሽካ ሰምቶ እጁን መልቀቅ የለመደ ልጅ፣ ውሃ ወረፋ ላይም ትልቅ ሰው «ተው» ሲለው የመስማት ዕድሉ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ውድድሩ በጭራሽ ኢትዮጵያ ከሱዳን፣ ወይም ይህ ጎሳ ከዚያኛው ጎሳ ተብሎ እንዳይዘጋጅ። እንደዚያ ከሆነ የልጁ መውደቅ የሕዝቡ መውደቅ ይመስልና ለሰላም ያመጣነው ጨዋታ ራሱ የጠብ ምክንያት ይሆናል። ቡድኖቹ ተደባልቀው ይመደቡ፤ ኢትዮጵያዊውና ሱዳናዊው አንድ ቀለም ለብሰው ለአንድ ቡድን ይታገሉ። ዳኛም ከሁለቱም ወገን ይሁን።

ወላጆች የሚያነሱት ስጋት እንዳለ እናውቃለን፤ ተገቢም ነው። አንደኛው «ልጄ ይሰበርብኛል» የሚል ነው። ጉዳት የሌለበት ስፖርት የለም፤ ኳስም እግር ይሰብራል። ስለዚህ አንገት ማነቅ፣ ጣት መጠምዘዝ፣ አንስቶ በጭንቅላት መትከል ከመጀመሪያው ቀን የተከለከለ ይሁን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ መጣል ሳይሆን በደህና ስለ መውደቅ ይማሩባቸው።

ሁለተኛው የምግብ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በደቡብ ሱዳን ለስደተኛው የሚሰጠው ራሽን ወደ ሙሉው መጠን ግማሽ መውረዱን ማንም አልረሳውም። «የራበው ልጅ እንዴት ይታገላል?» የሚል ወላጅ እውነቱን ነው። መልሳችን ልምምዱ አጭር ይሁን የሚል ነው፤ አንድ ግጥሚያ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፣ ሳይበላ የመጣ ልጅ በዚያ ቀን ይቀመጥ፣ ማንም ደግሞ ወደ ዝቅተኛ ኪሎ ለመግባት ብሎ ምግብና ውሃ እንዳይተው። ይህን ያደረገ ከውድድር ይውጣ።

ሦስተኛው የቆዳ በሽታ ነው። ገላ ለገላ ስለሚነካኩ ጭርትና እከክ በቀላሉ ይተላለፋል። ጥፍር ይቆረጥ፣ ቁስል ያለበት እስኪድን ይቆይ፣ ከልምምድ በኋላ መታጠቢያ ውሃ ይዘጋጅ። ውሃ ከሌለ ልምምዱ ይቅር።

ሴት ተማሪዎችን በተመለከተ በግድ ግቡ የሚል የለም፤ በግድ አትግቡ የሚልም ሊኖር አይገባም። በሴት መምህርት አሰልጣኝነት፣ በተለየ ሰዓት፣ ወላጅ በሚስማማበት ልብስ መሞከር ይችላሉ።

ስለሆነም ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር፣ ለወላጅና መምህራን ኮሚቴ እንዲሁም ለስደተኞች አመራር የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ለአንድ ወር ያህል በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ይሞከር። አንድ የአሸዋ ቦታ ይዘጋጅ፣ የጤና ጣቢያው ሚዛን ለአንድ ቀን ይዋሰን፣ ሁለት ፊሽካ ይገዛ። ወሩ ሲያልቅ ወላጆች ተጠርተው ጠቀመ ወይስ ጎዳ ብለው ይፍረዱ። ከጎዳ ይቁም፤ ማንም አይቀየምም።

ተማሪዎች፣ እናንተም ፈራን ብላችሁ አትቅሩ። በመጀመሪያው ቀን ትወድቃላችሁ፤ ከናንተ ቀድሞ የጀመረውም ወድቆ ነው የተማረው። የጣላችሁን ልጅ ስም ጠይቁ፣ እጁን ጨብጡ፣ በቀጣዩ ልምምድ ደግሞ እንዴት እንደጣላችሁ እንዲያሳያችሁ ለምኑት። ቋንቋችሁ ባይገናኝ እንኳ በእጁ ያሳያችኋል።