ቤቱን የሠራው ማን ነው?

አንድ መጽሐፍ የደራሲው ስም ሳይጻፍበት ቢታተም አንባቢ ሁሉ «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሺህ ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ሕንፃ ግን ነዳፊው ሳይታወቅ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ቢቆም ጠያቂ የለውም። በበኩሌ ይህ ልማድ ቀላል ነገር አይመስለኝም።

የአፍሪካ አዳራሽን እንውሰድ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. 32 ነፃ መንግሥታት የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት በዚህ ቤት ነው። ወደዚያ የሚገባ እንግዳ ስለ አፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል ይነገረዋል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ሥዕሉ የተሰካበትን ቤት የነደፈውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሰውየው አርቱሮ ሜዜዲሚ ይባል ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1922 በሲየና አውራጃ፣ ፖጂቦንሲ በምትባል ትንሽ የጣሊያን ከተማ ተወለደ። በ1940፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፣ አሥመራ ገባ። በሮም ወይም በሚላኖ ስሙ የገነነ ሰው አልነበረም፤ የአሥመራን የመዋኛ ገንዳ ሲነድፍ ዕድሜው ከእኛ ዕድሜ እምብዛም አይበልጥም ነበር። ኋላ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ የአፍሪካ አዳራሽ በ1961፣ ማለት በእኛ በ1953 ዓ.ም.፣ ተመረቀ። በቸርችል ጎዳና ራስ ላይ የቆመው ማዘጋጃ ቤትም የእርሱ ሥራ ነው። በ2010 በሮም ዐረፈ። አዳራሹም በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ታድሶ እንደ ገና ተከፍቷል።

«የቅኝ ገዥ አገር ልጅ፣ የንጉሡም ባለሟል ነበር፤ ምን ያስመሰግነዋል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እኔ ግን የጠየቅሁት ምስጋና አይደለም፤ ስም ነው። የሠሪው ስም ከታወቀ ማመስገን ብቻ ሳይሆን መውቀስም ይቻላል።

ይህንም የምለው በከንቱ አይደለም። እስቲ እኔ ወደምኖርበት ወደ አየር ጤና እንምጣ። ሠፈሩ በአየር ስም ይጠራል፤ በመንገዱ ዳርና ዳር ከሚነሡት ፎቆች ውስጥ ግን በቀትር መብራት ካልበራ ደረጃው የማይታይ፣ መስኮቱም ተከፍቶ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የሚፋጠጥ አለ። ሥራው ሲጀመር የባለቤቱ፣ የአማካሪውና የተቋራጩ ስም በትልቅ ሰሌዳ ተጽፎ ይተከላል። ቤቱ ሲያልቅና ጉድለቱ መታየት ሲጀምር ሰሌዳው ተነቅሎ ይሄዳል። ተከራዩ ማንን ይጠይቅ?

ስለዚህ አሳቤ አጭር ነው። ሰሌዳው ሲነቀል በምትኩ የነዳፊውና የሠሪው ስም ከነዓመተ ምሕረቱ በደጃፉ ድንጋይ ላይ ይቀረጽ። ወጪው ከአንድ በር ዋጋ አይበልጥም። በልደታ ግቢ የሕንፃ ንድፍ የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ነገ ይህን ከተማ የምትሠሩት እናንተ ናችሁና ከመሐንዲሶችና ከማዘጋጃ ቤቱ በፊት የእናንተን መልስ ለመስማት እንወዳለን። ስማችሁ ለሃምሳ ዓመት በደጃፉ እንደሚነበብ ብታውቁ፣ ያንን መስኮት ወዴት አዙራችሁ ትከፍቱት ነበር?