የአረጋውያን የደም ግፊት፤ ሲቀመጡና ሲነሡ

ባለፈው ዐቢይ ጾም የምናውቃቸው አንዲት አረጋዊት እናት ከስግደት ቀና ሲሉ ዐይናቸው ጨለመባቸውና ወደቁ። በአጠገባቸው የነበሩት «ጾሙ አድክሟቸው ነው» አሉ። ልጃቸው ግን የግፊት መድኃኒት እንደሚወስዱ ያውቅ ነበርና ወደ ሐኪም ወሰዳቸው። ሐኪሙ ተቀምጠው ሲለካቸው 168 በ70 ሆነ፤ ቆመው ሲለካቸው የላይኛው ቍጥር 132 ብቻ ነበር። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ግፊቱ ከፍ ያለም፥ የሚወርድም እንዴት ይሆናል? ሲል ልጁ ጠየቀን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልብ የሚወጣው ታላቁ የደም ቧንቧ በወጣትነት ጊዜ ልብ ደም በገፋ ቍጥር ይለጠጣል፤ ልብ ሲያርፍ ደግሞ ተመልሶ ይሰበሰባል። በዕድሜ ብዛት ግን የሚለጠጡት ክሮች ያረጃሉ፤ ግድግዳውም ይደነድናል። ስለዚህ የላይኛው ቍጥር ይወጣል፤ የታችኛው ግን ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ መውረድ ያዘነብላል።

ሰው ብድግ ሲል ደግሞ ግማሽ ሊትር ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። በአንገት ቧንቧ ላይ ያሉት የግፊት ጠባቂዎች ወዲያው ልብን ያፋጥናሉ፥ ቧንቧዎችንም ያጠብባሉ። ነገር ግን ጠባቂዎቹ የሚሰማቸው የቧንቧው መለጠጥ ነውና፥ በደነደነ ቧንቧ ላይ ስሜታቸው ይደክማል። ከፍታውም መውረዱም ከአንድ ሥር ይበቅላሉ ማለት ነው።

ውኃ ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየና ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የዋጠ ሰው የባሰ ይወርድበታል። ሰውነቱ ለከሳ፥ እርምጃው ለዘገየ አረጋዊ አንድ ውድቀት የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ መድኃኒቱ ይጣል? ብዙ ቤተ ሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፥ ዕድሜያቸው 80 እና ከዚያ በላይ በሆኑ 3,845 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፥ በመድኃኒቱ ሞት በ21 በመቶ እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ሆኖም ቆመው ሲለኩ የላይኛው ቍጥር ከ140 በታች የሆነባቸው በጥናቱ አልገቡም፤ ይህን ልብ ይሏል። እንግዲህ አረጋዊ ወላጅ ያላችሁ ሐኪሙ ቆመውም እንዲለካቸው ለምኑ። በቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፥ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት የሚያስተካክለው እርሱ ነው።

እኒያ እናት ስለ ጾሙ የንስሓ አባታቸውን ለመጠየቅ አፍረው ነበር። በኋላ ጠየቁ፤ በጧት ውኃ እንዲጠጡ፥ ስግደቱንም በማጎንበስ እንዲፈጽሙ ተፈቀደላቸው። አሁን ከአልጋ ሲነሡ ጥቂት ተቀምጠው፥ እግራቸውን አንቀሳቅሰው፥ መቋሚያቸውን ይዘው ነው።